ሁሉም «ሳይነስ» አይደለም፦ የአፍንጫ አለርጂና የአንቲሂስታሚን መድኃኒቶች ሥራ

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በጂንካ ከተማ በአንድ የመድኃኒት ባለሙያ የቀረበ ንግግር



ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ምርት፣ ስለ ገበያና ስለ ትርፍ ክፍፍል ሰፊ ማብራሪያ ሰጥተዋል። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አፍንጫ ልናገር ነው። ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ አያለሁ። ነገር ግን እንደሚታወቀው ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች መካከል አንዱ ለአባላት ትምህርትና መረጃ መስጠት ሲሆን፣ ሌላው ለኅብረተሰቡ ደኅንነት መቆርቆር ነው። በመጋዘናችን ጆንያ የሚሸከመው ጫኝና አውራጅ፣ በወፍጮ ቤት የሚውለው ሠራተኛ፣ በአውድማ ላይ ማሽላ የሚያበራየው ገበሬ ሲያስነጥስ ውሎ ሲያስነጥስ የሚያድር ከሆነ፣ ጉዳዩ የማኅበሩም ጉዳይ ነው።

በመድኃኒት መደብር መስኮት ላይ ዕለት ዕለት የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ «ሳይነስ አለብኝ» የሚል ነው። ሰውየው ያስነጥሰዋል፣ አፍንጫው እንደ ውኃ ይፈስሳል ወይም ይዘጋል፣ ዓይኑን ያሳክከዋል። ከዚያም አሞክሳሲሊን ይጠይቃል፤ ካልሆነም ዴክሳ ስጡኝ ይላል። ሌላው ደግሞ ጎረቤቱ የሰጠውን ቢጫ ኪኒን ሦስት ጊዜ ውጦ ሞተር ሳይክል ይነዳል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ያለባቸው የአፍንጫ አለርጂ ነው። በሽታው ቀላል ይመስላል፤ የተሳሳተው ሕክምና ግን ገንዘብም ጤናም ይበላል። በመሆኑም ዛሬ የምገልጽላችሁ አለርጂ ምን እንደሆነ፣ አንቲሂስታሚን የሚባሉት መድኃኒቶች በሰውነታችን ተከላካይ ሴሎች ላይ ምን እንደሚያደርጉ፣ ምንስ እንደማያደርጉ ነው።

አለርጂ ምንድን ነው?

ማሽላ ሲያሸት ግሪሳ እንዳይበላብን በማሳው መካከል ማማ ሠርተን ጠባቂ እናስቀምጣለን። ጠባቂው ወፍ ሲያይ ይጮኻል፣ ወንጭፉን ያጮኻል፤ ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጠባቂው በመንገድ የሚያልፈውን ሰላማዊ ጎረቤት ሁሉ ግሪሳ መስሎት ድንጋይ ቢወረውር ምን ይባላል? አለርጂ ማለት ይኸው ነው። የሰውነታችን መከላከያ ምንም ጉዳት የማያደርሰውን የአበባ ብናኝ፣ የእህል አቧራ ወይም በዓይን የማይታይ የአቧራ ተባይ እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋል። የሚጎዳን ብናኙ ሳይሆን ውጊያው ነው።

ጠባቂው ጠላቱን የሚለይበት ምልክት ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ ይባላል። ይህን ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የሚሠሩት ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኢሺዛካዎችና በስዊድን ዮሃንሰንና ቤኒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በየፊናቸው አገኙት። ምልክቱ በአፍንጫችን ሥጋ ውስጥ በሚገኙ ማስት ሴል በሚባሉ ሴሎች ላይ ተተክሎ ይቀመጣል። ማስት ሴልን እ.ኤ.አ. በ1878 የሰየመው ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኧርሊክ ሲሆን፣ በጥቃቅን ፍሬዎች ተሞልቶ ስላየው ጠግቦ የወፈረ ሴል መስሎት ነበር። እኛ ብንሆን ጎተራ እንለው ነበር። በዚያ ጎተራ ውስጥ ከተከማቹት ነገሮች ዋናው ሂስታሚን ነው።

ብናኙ ከምልክቱ ጋር ሲገጣጠም ጎተራው በደቂቃዎች ውስጥ ይከፈትና ሂስታሚን ይፈስሳል። ሂስታሚን የነርቭን ጫፍ ሲነካ ያሳክካል፣ ያስነጥሳል። የደም ሥሮችን ሲነካ ይሰፋሉ፣ ውኃ ያሾልካሉ፤ አፍንጫም ያብጣል፣ ይፈስሳል። ይህ የመጀመሪያው ዙር ነው።

ሁለተኛው ዙር ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ጀምሮ ይመጣል። በመጀመሪያው ጩኸት የተጠሩ ሌሎች ተዋጊዎች ከደም ወጥተው ወደ አፍንጫው ሥጋ ይገባሉ። ከእነዚህ መካከል ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ዋነኞቹ ናቸው። ኢዮሲኖፊል በተፈጥሮው የአንጀት ትልን ለመዋጋት ይረዳል፤ ትል በሌለበት ቦታ ሲተኩስ ግን የራሳችንን ሥጋ ያቆስላል፣ መቆጣትን ያመጣል። ጠዋት መጋዘን የጠረገ ሰው ማታ ተኝቶ አፍንጫው የሚታፈነው በዚህ ምክንያት ነው። መቆጣቱ ከሰነበተ ደግሞ አፍንጫው ለጥቂት ብናኝ እንኳ የሚደነግጥ ይሆናል።

አንቲሂስታሚን ምን ያደርጋል?

የሂስታሚንን ሥራ እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ከባልደረባው ከሌድሎ ጋር እ.ኤ.አ. በ1910 ገለጸ። ሂስታሚንን የሚቃወመውን የመጀመሪያውን ንጥረ ነገር ዳንኤል ቦቬ በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1937 አገኘ፤ በ1957ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ያ የመጀመሪያው መርዛማ ስለነበር ለሰው አልዋለም። ዛሬ በየመደብሩ የምናገኛቸው ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ሎራታዲንና ሴትሪዚን ግን የዚያ ሥራ ልጆች ናቸው።

ብዙ ሰው አንቲሂስታሚን ሂስታሚንን የሚያጠፋ ይመስለዋል፤ አይደለም። ሂስታሚን የሚሠራው በሴሎች ላይ ያለች ኤች 1 የምትባል መቀበያ ላይ ሲያርፍ ነው። ይህችን መቀበያ እንደ በር አስቧት። በሩ ማንም ሳይነካው እንኳ አልፎ አልፎ ገርበብ ይላል። ሂስታሚን ሲመጣ ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። አንቲሂስታሚን ደግሞ በሩን ዘግቶ ከውስጥ ይሸጉረዋል። ከዚህ አንድ ትልቅ ምክር ይገኛል፦ መድኃኒቱ የተከፈተውን በር ከመዝጋት ይልቅ የተዘጋው እንዳይከፈት ማድረግ ይቀለዋል። ስለዚህ ነገ መጋዘን እንደምትጠርጉ ካወቃችሁ፣ ባለሙያ ያዘዘላችሁን ኪኒን ከሥራው በፊት መውሰድ አስነጥሳችሁ ከደከማችሁ በኋላ ከመውሰድ ይሻላል።

በተከላካይ ሴሎች ላይስ?

ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት የጠየቁት ጥያቄ ይህ ነው፤ አንቲሂስታሚን ማሳከክን ብቻ ነው የሚያስታግሰው ወይስ መቆጣቱንም ይቀንሳል? መልሱ በሦስት ይከፈላል።

አንደኛ፣ የኤች 1 በር በደም ሥር ግድግዳና በአፍንጫ ሽፋን ሴሎች ላይም አለ። በሩ ሲከፈት በሴሉ ውስጥ ኤን ኤፍ ካፓ ቢ የተባለ የትእዛዝ መስመር ይነሣል። ትእዛዙም ሁለት ነገር ያስከትላል፤ ሌሎች ተዋጊዎችን የሚጠሩ መልእክቶች ይላካሉ፣ በሴሉ ፊት ላይም አይካም 1 የተባለ እንደ ሙጫ የሚይዝ ነገር ይበቅላል። በደም ውስጥ የሚያልፈው ኢዮሲኖፊል በዚህ ሙጫ ተይዞ ወደ ሥጋው ይገባል። አንቲሂስታሚን በሩን ሲዘጋ ይህም ትእዛዝ ይቀንሳል። እንደ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ያሉትን በወሰዱ የአለርጂ ሕሙማን ላይ በተደረጉ ጥናቶች ሙጫው ቀንሶ ታይቷል፤ በአንዳንዶቹም በአፍንጫ ፈሳሽ ውስጥ የሚገኙት ኢዮሲኖፊሎች ቀንሰዋል።

ሁለተኛ፣ በላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ መጠን ያለው አንቲሂስታሚን በማስት ሴል ላይ ሲጨመር ጎተራው እንዳይከፈት ሲያደርግ ታይቷል። ነገር ግን ይህ የታየበት መጠን አንድ ሰው በተለመደው ኪኒን በደሙ ውስጥ ከሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ እጅግ ይበልጣል። አንድ ኪኒን ካልረዳኝ አራት ልዋጥ የሚል ሰው ጎተራውን አይዘጋም፤ ራሱን ነው የሚጎዳ።

ሦስተኛ፣ በአለርጂ ውስጥ የሚጮኸው ሂስታሚን ብቻ አይደለም። ሉኮትራይን የሚባሉ ሌሎች ቅመሞችም አፍንጫን ይዘጋሉ። ኢዮሲኖፊል ራሱም ኤች 4 የተባለ ሌላ የሂስታሚን በር አለው፤ ይህ በር እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ የታወቀ ሲሆን፣ የተለመዱት ኪኒኖች አይዘጉትም። ስለዚህ አንቲሂስታሚን ለማሳከክ፣ ለማስነጠስና ለሚፈስስ አፍንጫ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለተዘጋ አፍንጫና ለሰነበተ መቆጣት ግን ኃይሉ መጠነኛ ነው። ለዚያ የሚሻለው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ መጠቀም ነው። ይህ የሚረጨው የሚሠራው በቦታው ላይ ስለሆነ፣ በመርፌና በኪኒን እንደሚወሰደው ዴክሳ መላ ሰውነትን አይበጠብጥም። ዴክሳ ሲደጋገም ስኳርንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳንም ሊቀሰቅስ ይችላል።

አሮጌውና አዲሱ ኪኒን

ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚንና ዳይፈንሃይድራሚን የመጀመሪያው ትውልድ ናቸው። ወደ አንጎል ስለሚገቡ እንቅልፍ ያመጣሉ። ማታ የተዋጠው ኪኒን ጠዋትም ያደነዝዛል። ሰውየው ነቅቻለሁ ብሎ ቢያስብም እጁና ዓይኑ ዘግይተው ይሠራሉ። በወፍጮ ቀበቶ አጠገብ ለሚቆም፣ ትራክተርና ሞተር ሳይክል ለሚነዳ፣ ቡና ለመልቀም ዛፍ ላይ ለሚወጣ ሰው ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከጠላ፣ ከቦርዴ ወይም ከአረቄ ጋር ሲሆንማ አይነሣ። በዕድሜ የገፉ አባቶች ሽንት ሊከለክላቸው ይችላል፤ አንዳንድ የዓይን ግፊት ያለባቸውንም ይጎዳል። ፕሮሜታዚን ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ትንፋሽ ሊያሳጣ ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም።

ሎራታዲንና ሴትሪዚን ሁለተኛው ትውልድ ናቸው። ወደ አንጎል የሚገቡት በጥቂቱ ነው፤ ሴትሪዚን አንዳንዱን ሰው ቢያስተኛም ከአሮጌዎቹ ጋር አይተካከልም። በቀን አንድ ጊዜ መውሰድ ይበቃል። አዲስ ሁሉ ግን ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ተርፌናዲንና አስቴሚዞል የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች የልብ ምት እያዛቡ ሰው ስለጎዱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ ገበያ ወጥተዋል። ነፍሰ ጡር፣ አጥቢ እናት፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ባለሙያ ሳያማክር ምንም መዋጥ የለበትም።

ገበሬውና የአበባ ብናኝ

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። የአበባ ብናኝ የአፍንጫ አለርጂ እንደሚያመጣ በራሱ አፍንጫ ላይ ሞክሮ ያስረዳው ቻርልስ ብላክሊ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ ከሁሉ ይልቅ ከብናኝ ጋር የሚውለው ገበሬ ሆኖ ሳለ በሽታው ግን በገበሬ ላይ ብዙም እንደማይታይ ጽፏል። በኋላ በአውሮፓ የተደረጉ ጥናቶችም ከከብት ጋር ያደጉ የገበሬ ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ አለርጂ እንደሚይዛቸው አሳይተዋል። በእኛም አገር በጂማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ እንደሚገኝ አመልክቷል።

እንግዲህ ከልጅነት ጀምሮ ከአፈርና ከከብት ጋር መኖር ጠባቂውን ጨዋ አድርጎ ያሳድገዋል ማለት ነው። ታዲያ እኛ ለምን እንታመማለን? ይህ ጥበቃ ለሁሉም ሰው እኩል አይሰጥም፤ ፍጹምም አይደለም። ኑሯችንም እየተለወጠ ነው። ከማሳ ወደ ከተማ የገባው ወጣት በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ሲውል የሚተነፍሰው የነቀዝ ቅንጣት፣ ሻጋታና የእህል ተባይ በነፋሻ አውድማ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም። አዳዲስ አረሞችም መጥተዋል። ቅንጨ አረም የምንለው ፓርቴኒየም ብናኙ አፍንጫን፣ ቅጠሉ ቆዳን ያስቆጣል። ወደ ዳሰነች አካባቢ የተስፋፋው ፕሮሶፒስም ብናኙ አለርጂ ከሚያመጡት ዛፎች አንዱ ነው።

አለርጂ ያልሆነውን እንለይ

ይህን ክፍል በተለይ እንድታስታውሱልኝ እለምናለሁ።

አለርጂ ያሳክካል፣ ሁለቱንም አፍንጫ ይይዛል፣ ፈሳሹ ቀጭን ነው፣ ትኩሳት የለውም፣ በአንድ ዓይነት ቦታ ወይም ወቅት ይመላለሳል። እነዚህን ከሚመስል ችግር ጋር አሞክሳሲሊን ምንም ሥራ የለውም፤ ተህዋሲያንን መድኃኒት ያስለምዳል እንጂ።

በአንድ በኩል ብቻ የሚደማ አፍንጫ ከሆነ ከምንጭ ውኃ የገባ አልቅት ሊሆን ይችላል። ሕፃን ልጅ በአንድ በኩል የሚሸት ንፍጥ ካለው የበቆሎ ወይም የባቄላ ፍሬ ከትቶ ይሆናል። ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው የአክታ ምርመራ ያስፈልጋል። ሌሊት የሚያፍን፣ ደረትን የሚያፏጭ ከሆነ አስም ነው ተብሎ መጠርጠር አለበት። የአፍንጫ አለርጂ ያለበት ሰው አስም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል፤ አንቲሂስታሚን ግን የአስም መድኃኒት አይደለም።

ንብ አናቢዎቻችንም ስሙኝ። የሐመር፣ የበናና የአሪ ማር ለዩኒየናችን ኩራት ነው። ንብ የነደፈው ሰው ሰውነቱ ሁሉ ሽፍ ካለ፣ ጉሮሮው ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ከሳተ፣ ሕይወቱን የሚያተርፈው በጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። በአንቲሂስታሚን ኪኒን ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

ከሁሉ በላይ፣ በመጋዘን ለነቀዝ የሚቀመጠው የፎስቶክሲን እንክብል የሚያወጣው ጋዝ መርዝ ነው። በታጠነ መጋዘን ገብቶ የሳለ፣ ደረቱ የጨነቀው፣ ያስታወከ ሰው አለርጂ ነው ተብሎ ኪኒን አይሰጠውም። ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ይህን እንክብል በመኝታ ቤት ባለ እህል ውስጥ መጨመር ቤተሰብን መግደል ነው።

ምን እናድርግ?

አበው «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ይላሉ። በየቤታችን ልናደርገው የምንችለው ብዙ ነው። ስንወቃና ስናበራይ ነፋሱን በጀርባችን እናድርግ። አፍንጫና አፍን በንጹሕ ጨርቅ ወይም በጭምብል እንሸፍን። ከሥራ ስንመለስ ፊታችንን እንታጠብ፣ ልብሳችንን ከመኝታ ቤት ውጪ እንቀይር። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ጥቂት ጨው ጨምሮ አፍንጫን ማጠብ ርካሽና ጠቃሚ ነው። ቅንጨ አረምን ሳያብብ፣ እጃችንን ሸፍነን እንንቀል። ለአፍንጫ መዘጋት የሚሸጠውን ጠብታ ከአምስት ቀን በላይ አንጠቀም፤ ሲቆም ይብሱን ይዘጋል።

ለቦርዱና ለአመራሮችም ሦስት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ለጫኝና አውራጆች፣ ለወፍጮ ቤትና ለመጋዘን ሠራተኞች ጭምብል በበጀት ይያዝ፤ መጋዘኖቹም አየር የሚያስተላልፉ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ እንደ ፒክስ ያሉ አየር የማያስገቡ የእህል ከረጢቶች በዩኒየኑ በኩል ለአባላት ይቅረቡ፤ ነቀዙም አቧራውም መርዙም አብረው ይቀንሳሉ። ሦስተኛ፣ በታጠነ መጋዘን በር ላይ ማንበብ የማይችልም ሰው የሚረዳው የአደጋ ምልክት ይሰቀል፤ ቁልፉም ኃላፊነቱን በሚያውቅ ሰው እጅ ይሁን።

የዚህ ዩኒየን ሀብት በመጋዘኑ የተደረደረው ኩንታል ብቻ አይደለም። ኩንታሉን ያመረተው፣ የተሸከመውና የጠበቀው ሰው ጤናማ ትንፋሽ ሀብታችን ነው። በሚቀጥለው የሒሳብ ሪፖርት ላይ ለጭምብል የወጣው ገንዘብ ሲነበብ «ይህ ደግሞ ለምን?» የሚል አባል ቢኖር፣ ዛሬ የሰማችሁትን እንድትነግሩልኝ አደራ እላለሁ።

 ዩኒየናችን ለብዙ ዘመን ይኑር።